ደሴት ለማየት ወራት መምረጥ

(ከአንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ)

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለ10ኛ ክፍል ተማሮች ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ነፋሳት ሳስተምር፥ ነፋሱ ግማሹን ዓመት ከሰሜን ምሥራቅ ግማሹን ዓመት ከደቡብ ምዕራብ እንደሚነፍስ፥ የድሮ መርከበኞችም በአንደኛው ወደ ዛንዚባር ወርደው በሁለተኛው ወደ ዐረብ አገር ይመለሱ እንደ ነበረ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳየሁ። ትምህርቱ ሊያበቃ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣና፥ «መምህር፥ ታዲያ ዛንዚባርን ማየት የሚፈልግ ሰው በየትኛው ወር ቢሄድ ይሻለዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። የሣቁበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ ልጁ የመጣው ከስማዳ ቆላ ሲሆን እንኳን ዛንዚባርን ባሕር ዳርንም አላየም። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት ካበራሁ በኋላ ግን በሣቄ አፈርሁ፤ ያ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቀው ቀርቼ ተማሮችን ያንገላታሁበት ነውና። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ለማቅረብ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ለልጁ መልሱን ልስጥ። ዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ይጥልባታል፤ በኅዳር ገደማ ደግሞ ቀለል ያለው ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአውሮፓ ተማሪ ቤቶች የሚዘጉት በዚያን ጊዜ ስለ ሆነ ማረፊያው ሁሉ ይሞላል፥ ዋጋውም ይሰቀላል። ዐዋቂ መንገደኛ እንግዲህ ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ገና ሳይመጣ፥ ወይም ሰዉ ሄዶ ዝናቡ ገና ሳይጀምር ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ይመርጣል። በሲሼልስ ደሴቶች ነፋሱ አቅጣጫውን የሚለውጠው በሚያዝያና በጥቅምት ግድም ነው፤ ባሕሩ የሚረጋውም በዚያን ጊዜ ነው። ጃማይካ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደረቅና በእንግዳ የተጨናነቀች ስትሆን፥ በግንቦትና በጥቅምት ዝናብ ታገኛለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ስለ ነበረ ጉዞው ከሁለቱ መካከል ላይ ወድቋል ማለት ነው፤ ያም ሆኖ በዚያ ዕለት ዝናብ ዘንቦ እንደ ነበረ በአየር ማረፊያው የተገኙ ሰዎች ተርከዋል። መጋጠሚያ ወራትን የሚመርጥ ሰው ጥቂት ዕድልም ያስፈልገዋል።

የኛ አባቶች ለእንዲህ ያለው ጊዜ ስም አላጡለትም። ዓመቱን በአራት ከፍለው፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት፥ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፥ ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 ያለውን በጋ፥ የቀረውንም ፀደይ ብለውታል። (ብዙ ሰው ዛሬ መስከረምን በአበባው የተነሣ ፀደይ ይለዋል፤ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ፀደይ ከበልግ ጋራ የሚመጣው ነው።) እንግዲህ መፀውና ፀደይ በክረምትና በበጋ መካከል የቆሙ ሁለት በሮች ናቸው። ባለጠጋው ወደ ውቅያኖስ ደሴት ሲሄድ በጋዜጣና በመጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኘውን፥ እኛ ከሰንበቴ ቤት ሳንወጣ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን አንጠቀምበትም።

የኛ ደሴት የት አለ የሚል ቢኖር፥ ከነፋስ መውጫ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከ30 በላይ ደሴቶችን የያዘ፥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ይገኛል፤ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ይህን ሁሉ ተማሮቻችን ለፈተና ያጠኑታል፤ ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚገቡት ከጉና ተነሥተው ነው፤ ጉናም የኛ ተራራ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ኖሮት በጋይንት፥ በእስቴና በፋርጣ መካከል ተቀምጧል። ስለዚህ የኛ ልጅ በጣና ላይ በጀልባ ሲሄድ ከገዛ አገሩ የወረደ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ማለት ነው። ያውም ውኃውን ብቻ አይደለም፤ አፈራችንንም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሐይቁ በምሥራቅ በኩል ቀይ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን የያዘው እምቦጭ የሚባለው አረምም የሚወፍረው ወንዞቹ ከእርሻችን አጥበው በሚያመጡለት ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ2012 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት የጉብኝት ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔ ሰብሳቢ ሆንሁ። ጉዞው መቼ ይሁን ሲባል ሁላችንም በአንድ ቃል «በጥር» አልን። ምክንያቱም ጥር ደረቅ ነው፥ የመንፈቁ ፈተና ያበቃል፥ ሰውም ሁሉ የሚሄደው በጥር ነው። ይህ የመጨረሻው ምክንያት አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ ተመዝግቦ ስለ ነበረ፥ ጎንደርን ለማየት የመጣው እንግዳ ሁሉ ወደ ባሕር ዳርም ጎራ ይል ነበር። የጥር ወር የሠርግ ወር ስለ ሆነ አውቶቡስ ለመከራየት የሄድነው ከሙሽሮች ጋራ ተጋፍተን ነው፤ የተጠየቅነውም ዋጋ የሙሽራ ዋጋ ነበር። ባሕር ዳር ስንደርስ በልካችን የሚሆን ማረፊያ አጣን። አንድ ደግ ሰው የትምህርት ቤት አዳራሽ ለምኖ ባያስከፍትልን ኖሮ ደጅ እናድር ነበር። በማግስቱም ጀልባዎቹ ሁሉ ለጧቱ ተይዘው ቆዩን፤ አንድ ጀልባ ከቀትር በኋላ ተገኘና በውድ ተስማማን።

በጣና ላይ ከቀትር በኋላ መሄድ ምን እንደ ሆነ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ጂኦግራፊ አስተማሪው አላወቅሁም። ጧት ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ ይቆያል። ፀሐይ የብሱን ካሞቀችው በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ሐይቁም ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ጀልባውን ከሥር ይደበድበዋል። ከደጋ የመጡ ልጆች ከወንዝ ሌላ ውኃ አይተው አያውቁም፤ ግማሾቹ አስታወኩ፥ ግማሾቹ ጸሎት ጀመሩ። ዳጋ ድረስ መሄድ የማይቻል ሆነ፤ እርሱ በጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ባለ ጀልባው ቅርብ ወደ ሆነው ወደ ክብራን ገብርኤል ወሰደን።

ክብራን ደግሞ ለሴት የማይፈቀድ ገዳም ነው። ይህ የገዳሙ ሥርዐት ነው፥ እኔም በሥርዐቱ ላይ ቃል የለኝም፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ ሴቶች ልጆችን ይዞ የሄደው ሰው ነው። ወንዶቹ ወጥተው ደጁን ተሳልመው፥ የብራና መጻሕፍቱን አይተው እስኪመለሱ ሴቶቹ ከነጀልባው ቆዩ። እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፥ ሴትም ይገባበታል፤ ነገር ግን ነፋሱ እየበረታ ስለ ሄደ ባለ ጀልባው «አልቆይም» አለ። ስንመለስ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ፥ እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፥ እኛ የመጣነው ጀልባ ልንጠብቅ ነው?» ያዋጣችው ገንዘብ ከወንዶቹ አላነሰም። እናቷ ጠላ ሸጠው እንደ ሰጧት በኋላ ሰማሁ። መልስ አልሰጠኋትም፤ የምሰጠውም አልነበረኝም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሳይመጡ የቀሩት ናቸው። ስማቸውን ካስመዘገቡት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ገንዘቡ ሲወደድ ስማቸውን አሰረዙ። ከነዚያም አንዱ አባቱ ውቂያ ስላልጨረሱ ቀረ። ሽማግሌውን በገበያ አግኝቼ ስለ ልጁ ብናገራቸው፥ «መምህር፥ እርስዎ የሚያስተምሩት በመጽሐፍ ነው፤ እኔ የምኖረው በአውድማ ነው፤ ለምን አውድማዬ ባዶ ሲሆን አይወስዱትም?» አሉኝ። ታላቅ ንግግር ነው። ጉዞአችንን ያቀድነው አውድማ በሌለው ሰው ልክ ነበር።

ታዲያ የቱ ወር ይሻላል? ክረምቱን አንሥተን እንጣለው፤ ተማሪ ቤት ዝግ ነው፥ ርብና ጉማራም የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም የሆነውን ጎርፍ ያላስታወሰ ቢኖር ወላጆቹን ይጠይቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ በዚያን ጊዜ እንኳን ለሽርሽር ለትምህርትም ልጅ ከቤት አይገኝም። ጥርን አየነው። ከየካቲት በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ የሚጾም ልጅ ይዞ በጠራራ ፀሐይ በሐይቅ ላይ መሄድ ጭካኔ ነው።

ሁለት ጊዜ ይቀራል። አንደኛው በፀደይ ውስጥ፥ ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ነው። ማረፊያም ጀልባም ይረክሳል። ነገር ግን ሙቀቱ ለደጋ ልጅ ከባድ ነው፥ የ12ኛ ክፍል ተማሮች ስለ ብሔራዊ ፈተና ይጨነቃሉ፥ ሐይቁም ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የሚጎድለው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ስለ ጎደለ በሐይቁ ላይ መርከቦች ለአራት ወር ያህል መሄድ አቁመው ነበር። በየዓመቱ እንዲያ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ግን ጀልባው ከደንጊያው ወደብ ርቆ በጭቃ ላይ ሲቆም ማየት የተለመደ ነው።

ሁለተኛው፥ እኔም የምደግፈው፥ ከመስከረም 26 በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። አረሙ ታርሟል፥ አጨዳው ገና ነው። የጋይንት ገበሬ ከዓመቱ ውስጥ እጁን አጣምሮ ሰማይ የሚያየው በዚያን ጊዜ ነው። በትምህርት ቤት በኩልም ክፍሉ ተደልድሎ ትምህርቱ ጀምሯል፥ ፈተና ግን የለም። ሐይቁ ሙሉ ነው፤ ጀልባው እስከ ደሴቱ ደጅ ይጠጋል። አቧራ የለም፤ ከባሕር ዳር ሆኖ ሩቁን ደሴት በዓይን መለየት ይቻላል፤ በጥርና በየካቲት ግን ጭጋግ የመሰለ አቧራ ይጋርደዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም በዚያን ጊዜ ነው ጢስ የሚያወጣው። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ ብዙ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ፥ ፏፏቴውን በበጋ የሚያይ ሰው ደንጊያ አይቶ ይመለሳል። ልጆችን 30 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ወስዶ ደንጊያ ማሳየት አያስፈልግም፤ ደንጊያ እኛም ዘንድ ሞልቷል።

ስለ ዋጋውም አንድ ቃል። ጀልባ በጥር ቢሠራ በጥቅምት ግን ታስሮ ይውላል፤ ባለቤቱ ጠባቂውንና ሠራተኛውን በሁለቱም ወራት መቀለቡ አይቀርም። ስለዚህ እንግዳ በሌለበት ሰሞን በጧት ለመሄድ የሚመጣን የተማሪ ጓድ በትንሽ ትርፍም ቢሆን በደስታ ይቀበላል። ከእርሱ ጋራ መነጋገርም የሚቻለው ያን ጊዜ ነው፤ ጥያቄ ለመጠየቅ፥ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ቁጥር ከልጆቹ ቁጥር ጋራ ለማመሳከር፥ በእያንዳንዱ ደሴት ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ለመዋዋል ፋታ አለው። በጥር ማንም ፋታ የለውም።

ይህን ሐሳብ በመምህራን ክፍል ባነሣሁ ጊዜ ሦስት ተቃውሞ ገጠመኝ። ሦስቱም በቂ ምክንያት ያላቸው ስለ ሆኑ ሳልደብቅ እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ወባ ነው። የጋይንት ሽማግሌ ፎገራን የሚያስበው በከብቱና በሩዙ ብቻ አይደለም፤ በንዳዱም ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ባገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተገምቷል። ወባ የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር፥ ማለት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። እንግዲህ የመረጥሁት ወር በዚህ በኩል ጉድለት አለበት፤ አልክድም። የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውም። መድኀኒቱ አጎበር ይዞ መሄድ፥ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልብስ መልበስ፥ ሐይቁ ዳር አለማደርና ወደ ማረፊያ በጊዜ መግባት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከተመለሱ በኋላ ያለው ይረሳል፤ በሽታው ከንክሻው በኋላ ሳምንትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ ትኩሳት የያዘው ልጅ ጉንፋን ነው ብሎ እንዳይተኛ፥ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ጣና ነበርሁ» ብሎ እንዲናገር ለልጁም ለወላጁም አስቀድሞ መንገር ይገባል። በሐይቁ ውስጥ መታጠብንም እከለክላለሁ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። «በጥቅምት ከገበሬ ቤት ገንዘብ ከየት ይገኛል? መስከረም ደብተርና ልብስ ገዝቶ፥ መስቀል አውሎ፥ ጎተራውን ጠርጎ የተቀመጠ ሰው ነው» አሉኝ። እውነት ነው። በጥቅምት ገንዘብ የለም። ለዚህ ነው ገንዘቡን በጥቅምት መሰብሰብ የማይገባን። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣው በጥርና በየካቲት ነው። መዋጮው በዚያን ጊዜ ይጀመር፤ በየገበያው ጥቂት ጥቂት እየሆነ እስከ ሰኔ ይጠራቀም፤ በትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን በወላጆች ኮሚቴ ስም በባንክ ይቀመጥ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የቆጠበ፥ 12ኛ ሲገባ በአራተኛው ሳምንት ይሄዳል። ትምህርት ያቋረጠ ወይም አገር የለወጠ ልጅ ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ይመለስለታል። ይህ በጽሑፍ ካልሠፈረ ግን እኔ ራሴም አላዋጣም። እንዲህ ሲሆን ጥር ላይ አንድ ሙክት የሚያስሸጠው ጉዞ በስድስት ወር ተከፋፍሎ የዶሮና የእንቁላል ዋጋ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። አንድ ጓደኛዬ፥ ዕድሜውም ከኔ የሚበልጥ፥ «አንተ ሰው፥ ከተማችን ያየውን አይተህ ስለ ሽርሽር ትጽፋለህ?» አለኝ። ከዚያ የ2012 ጉዞ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተማሪ ቤቶች ተዘጉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ በዚያ ሰሞን የሆነው በዚህ መጽሔት ላይ በአንድ አንቀጽ የሚነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፥ ትምህርትም ሲቋረጥ ያየነው ነው። ጓደኛዬ እንግዲህ በሐዘን ነው የተናገረው፤ በንቀት አይደለም።

እኔ የምለው ይህ ነው። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን አንድም ልጅ ከደጁ አይነሣም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጉዞው ሊነሣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፥ ቀጥሎም ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፥ ከወረታና ከደብረ ታቦር የሚመጡ ሾፌሮች ይጠየቃሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢያመነታ ጉዞው ወደ ግንቦቱ ጊዜ ይተላለፋል፥ ያም ካልሆነ ወደሚመጣው ዓመት። ሁለት የወራት መጋጠሚያ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ዕቅዱን ለመጻፍ፥ ገንዘቡንም ለማጠራቀም መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። መንገዱ ድንገት ቢከፈት ያልተዘጋጀ ሰው እንደ ገና ጥር ድረስ ይቆይና እንደ ገና ከሙሽሮች ጋራ ይጋፋል። እነዚህ ልጆች ስለ መንገድ የሚያውቁት የተዘጋ መሆኑን ብቻ ነው። ወዴት እንደሚያደርስም ቢያውቁ ጥሩ ይመስለኛል።

ስለ መንገዱ አሳጥሬ ልናገር። ከነፋስ መውጫ ዓርብ በጧት ተነሥቶ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ፥ ከወረታም ወደ ግራ ታጥፎ ባሕር ዳር መግባት ነው። የስማዳና የእስቴ ልጆች ሐሙስ ማታ መጥተው ከዘመድ ቢያድሩ ይቀላል። ከ3,000 ሜትር ግድም ተነሥተን ወደ 1,800 ሜትር ስለምንወርድ፥ ጋቢውን ለሌሊቱ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ቀለል ያለ ልብስ መልበስ ነው። ስንቁ ከቤት ይሁን፤ ዳቦ ቆሎና በሶ በየትኛውም ምግብ ቤት ከሚገኘው ይሻላል፤ ጭኮ የቻለም ይያዝና ለጓደኛው ያካፍል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጀልባ ላይ መውጣት ነው። ደቅ ደርሶ ናርጋ ሥላሴን ማየት፥ ሲመለሱ ጊዜ ካለ ዘጌ ላይ ወርዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ይቻላል፤ ሁለቱም ወንድም ሴትም የሚገባባቸው ናቸው። ዳጋንና ክብራንን ወንዶቹ አድገው በገዛ ገንዘባቸው ይሂዱባቸው። ሴቶች ልጆች ከነጀልባው የሚቆዩበት የተማሪ ጉዞ ሁለተኛ እንዳይደረግ ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ እንዲወስን እጠይቃለሁ።

ወረታን ስናልፍም አውቶቡሱ ጉማራ ድልድይ አጠገብ ጥቂት ቢቆም እወዳለሁ። ልጆቹ ወርደው ውኃውን ይዩት፤ በጥቅምት መጥራት ይጀምራል፤ ቀለሙ ግን አሁንም የጉና ነው።

በመጨረሻ ሰዓት መንገዱ ቢዘጋብን ደግሞ የተሰበሰበውን ልጅ ወደ ቤቱ መበተን አያስፈልግም። ከራሱ ከጉና መጀመር ይቻላል። በዚያው ሳምንት በእግር ወጥቶ፥ በአንደኛው ጎኑ ወደ ጣና በሌላው ጎኑ ወደ ተከዜ የሚወርዱትን ምንጮች ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፥ አውቶቡስም አያስከራይም። ዝናቡ ስላለቀ መሬቱ ይጠነክራል፥ ምንጩም ገና አልደረቀም። ደሴቶቹን በኋላ የሚያይ ልጅ የሐይቁን ራስ አስቀድሞ ያየ ይሆናል። ይህንም ለተማሮቹ ባወራ፥ ያ ዛንዚባርን የጠየቀኝ ልጅ፥ «ጉናን አላየሁም፤ ለኛ እርሱም ሩቅ ነው» አለኝ። ስሙን አስመዝግቧል።

ጀልባ ጠባቂዋን ልጅ ባለፈው ገና አገኘኋት። ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ በጤና ጣቢያ ትሠራለች። ዕቅዱን አጫወትኋት፤ ስለ አጎበሩና ስለ ትኩሳቱ የጻፍሁትን ያረመችልኝ እርስዋ ናት። ወራቱን ሰምታ «ደኅና ነው» አለች፤ ቀጥላም፥ «ግን መምህር፥ የትኛው ደሴት ነው?» አለችኝ።

ናርጋ ነው አልኋት።